ፈረሷን ያቆሙት ካሜራዎች ሲኒማን ወለዱ ወይ? አንድ ጥያቄና የተከተሉት መልሶች

ክርክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ የከፈትኩትም የፊልም ታሪክ በተነሣ ቁጥር ሁሉም ሰው ከአንዲት ፈረስ መጀመሩ ስላሰለቸኝ ነው። ታሪኩ ለብዙዎች የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 1878 በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ በሚባለው ስፍራ፣ የባቡር ሐዲድ ባለሀብትና የቀድሞ የክፍለ ግዛቱ ገዥ በነበረው በሊላንድ ስታንፎርድ የፈረስ ማርቢያ ውስጥ፣ ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለ እንግሊዛዊ ፎቶግራፍ አንሺ 12 ካሜራዎችን በአንድ ረድፍ ደረደረ። በመሮጫው መንገድ ላይ ከየካሜራው ክር ዘረጋ፤ ፈረሷ ጋላቢዋን ይዛ ክሮቹን እየበጠሰች ስታልፍ የካሜራዎቹ መከለያዎች በየተራቸው ተከፍተው ተዘጉ። በካሜራዎቹ የመስታወት ሰሌዳዎች ላይ የቀረው ምስል እንዳሳየው በግልቢያ መካከል አራቱም እግሮች ከመሬት የሚነሡበት ቅጽበት አለ፤ ያ ቅጽበት ግን ሠዓሊዎች ለዘመናት እንደሣሉት እግሮቹ ወደፊትና ወደኋላ የተዘረጉበት ሳይሆን ከሆድ ሥር የተሰበሰቡበት ነው።

የእኔ ሙግት ይህ ሥራ የሲኒማ ልደት ሊባል አይገባም የሚል ነበር። ማይብሪጅም ሆነ በዚያው ዘመን በፓሪስ ይሠራ የነበረው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኤቲየን-ዡል ማሬ የፈለጉት እንቅስቃሴን ለማሳየት ሳይሆን ለማቆም ነው፤ ዓይን ሊከተለው የማይችለውን ሩጫ ቆራርጠው፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው አስቀምጠው ሊመረምሩት ነው የተነሡት። ማሬ እንዲያውም ተንቀሳቃሽ ምስል በየከተማው መታየት ከጀመረ በኋላ፣ ዓይን በራሱ የሚያየውን መልሶ የሚያሳይ መሣሪያ ለማየት ኃይላችን የሚጨምርልን ነገር የለም ሲል ጽፏል። እንግዲህ ካሜራው ሩጫን ለማቆም ከተሠራ፣ ቁርጥራጮቹን መልሶ የማስኬዱና ከዚያም ጥበብ የማድረጉ ሐሳብ ከወዴት መጣ? ጽሑፌን በዚህ ጥያቄ ዘጋሁ። የመጡትን መልሶች እነሆ በቅደም ተከተላቸው፣ በራሴ አገላለጽ አስፍሬአቸዋለሁ፤ ተሳታፊዎቹንም በመልሳቸው ቁጥር እጠራቸዋለሁ።

1ኛው መልስ በምስጋና የጀመረ፣ በሐሳቡም ከእኔ ጋር የተስማማ ነበር። ጸሐፊው ማሬ በ1882 የሠራውን ጠመንጃ መሰል ካሜራ በማስታወስ ሙግቴን አጠናከረልኝ። መሣሪያው በትከሻ ተደግፎ የሚታለም ሲሆን፣ በአፈሙዙ ውስጥ ሌንስ፣ ጥይት በሚጎርስበት ቦታ ደግሞ የሚዞር ክብ የመስታወት ሰሌዳ ነበረው። ምላጩ ሲሳብ ሰሌዳው ቆም እያለ እየዞረ በአንድ ሰከንድ 12 ምስሎችን ያነሣል፤ እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያገኘው ለ1/720ኛ ሰከንድ ብቻ ነው። ማሬ ይህን ይዞ በኔፕልስ ዳርቻ በራሪ ወፎችን ሲያልም፣ ተኩስ የማይሰማበት፣ አንድም ወፍ የማይወድቅለት አዳኝ በመሆኑ የአካባቢው ሰዎች ጤናውን ተጠራጥረው እንደነበር ይነገራል። ለመሣሪያው የተመረጠው ቅርጽ እንኳ ነገሩ ሁሉ የሚሮጠውን ከማስቆም ጋር የተያያዘ እንደነበር ያሳያል የሚለው አስተያየቱ አስደስቶኛል።

2ኛው ተሳታፊ የቀረ ነገር አለ ብሎ የውርርዱን ታሪክ አመጣ፦ ስታንፎርድ የፈረስ እግሮች በአንድ ጊዜ ከመሬት ይነሣሉ አይነሡም በሚል ከጓደኛው ጋር በ25,000 ዶላር ተወራርዶ እንደነበርና ማይብሪጅን የቀጠረውም ለዚሁ እንደሆነ። 3ኛው ምላሽ ፈጥኖ መጣ፤ ቃሉም ጠንከር ያለ ነበር። የዚህ ውርርድ አንዳችም የዘመኑ ማስረጃ እንደሌለ፣ ስታንፎርድም በአቋማሪነት የሚታወቅ ሰው እንዳልነበረ፣ ይልቁንም ፈረሶቹን በዘዴ ለማሠልጠን አረማመዳቸውን በትክክል ማወቅ ይፈልግ እንደነበር አስረዳ። በዚያ ላይ ጥያቄው በ1878 አዲስ አልነበረም። ማሬ በፈረስ ኮቴ ሥር አየር የያዙ የላስቲክ ከረጢቶችን አስሮ፣ ከረጢቶቹንም በቱቦ ጋላቢው በእጁ ከያዘው መመዝገቢያ ጋር አገናኝቶ፣ የትኛው እግር መቼ መሬት እንደሚነካ በቀጭን መስመሮች አስመዝግቦ ውጤቱን በ1873 አሳትሟል። ስለዚህ ፎቶግራፉ ያረጋገጠው ሌላ መሣሪያ አስቀድሞ የጻፈውን ነው። ይህ እርማት በክሩ፣ ማለትም በዚህ የመልሶች ሰንሰለት ውስጥ፣ ከቀረቡት ሁሉ እጅግ ጠቃሚው ይመስለኛል፤ ሰው ያመነው መስመሩን ሳይሆን ፎቶግራፉን መሆኑ ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ ያነሣው ሰው ባለመኖሩም ቅር ብሎኛል።

4ኛው ተሳታፊ ወደ ማይብሪጅ የግል ሕይወት አዘነበለ። ማይብሪጅ በ1874 የሚስቱን ወዳጅ ተኩሶ መግደሉን፣ በ1875 መጀመሪያ የተሰየመው የዳኞች ሸንጎም ሕጉን ወደ ጎን ትቶ በነፃ እንዳሰናበተው በዝርዝር ተረከ። ታሪኩ እውነት ነው፤ ጥያቄውን ግን አንድ እርምጃ አያራምደውም። 5ኛው ይህንኑ በጨዋ ቋንቋ አሳሰበ፤ 4ኛውም ሳይቀየም ተቀበለ።

6ኛው መልስ የመጀመሪያው እውነተኛ ተቃውሞ ነበር። ማይብሪጅ ራሱ ከ1879 ጀምሮ በክብ መስታወት ላይ የተቀመጡ ምስሎችን እያሽከረከረ በመጋረጃ ላይ የሚያሳይ መሣሪያ ሠርቶ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ንግግር እያደረገ ያሳይ እንደነበር አስታወሰኝ። እንግዲህ አቁሞ መልሶ ያስኬደ ሰው እንዴት ከሲኒማ ይገለላል ሲል ጠየቀ። በ7ኛው መልስ እንደገለጽኩለት፣ በእነዚያ ክብ መስታወቶች ላይ የነበሩት ፎቶግራፎቹ ሳይሆኑ ከፎቶግራፎቹ ተገልብጠው በእጅ የተሣሉ ምስሎች ናቸው። የመሣሪያው ቀዳዳዎች በፍጥነት ሲዞሩ ምስሉን ስለሚያጠብቡት፣ ሠዓሊው ፈረሱን በመስታወቱ ላይ ከተፈጥሮው አስረዝሞ ይሥለው ነበር፤ ዲስኩ ቆሞ ሲታይ ከወገቡ የተለጠጠ እንግዳ እንስሳ ይመስላል፣ ሲዞር ግን ወደ ትክክለኛ ቁመናው ይመለሳል። ፎቶግራፉ መንቀሳቀስ የቻለው በሠዓሊ እጅ ካለፈ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

8ኛዋ ተሳታፊ የአኒሜሽን ባለሙያ መሆኗን ገልጻ የጻፈችው ረጅም መልስ የክሩን አቅጣጫ ለወጠው። እሷ እንደምትለው የሚንቀሳቀስ ሥዕል ከሚንቀሳቀስ ፎቶግራፍ በብዙ ዓመታት ይቀድማል። የቤልጂጉ ጆዜፍ ፕላቶ በ1832 በጠርዙ ቀዳዳዎች ያሉበት ክብ ሰሌዳ ሠርቶ፣ ሰሌዳው በመስታወት ፊት ሲዞር ሥዕሎቹ የሚንቀሳቀሱ እንዲመስሉ አድርጓል። ከዚያም የፈረንሳዩ ኤሚል ሬኖ ከኦክቶበር 1892 ጀምሮ በፓሪሱ የግሬቨን ሙዚየም ውስጥ፣ በጨለማ አዳራሽ፣ በሙዚቃ የታጀበ፣ ታሪክ ያለውና ተመልካች ከፍሎ የሚገባበት ትርኢት በመጋረጃ ላይ አሳይቷል። ከትርኢቶቹ አንዱ 500 ያህል በእጅ የተሣሉና በቀለም የተዋቡ ምስሎች ነበሩት። እነዚህ በዛሬው ፍጥነት ቢያልፉ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞሉም፤ የሬኖ ትርኢት ግን ሩብ ሰዓት ያህል ይቆይ ነበር። ይህ የሆነው ሬኖ ሥዕሎቹ የሰፈሩበትን ጥቅል በሁለት እጁ እያዞረ፣ ሲያሻው እያቆመ፣ ሲያሻው ወደኋላ መልሶ አንዱን ድርጊት እየደጋገመ ስለሚያሳይ ነው። ተመልካቹ በሳቀበት ቦታ ያቆየዋል፤ በሰለቸበት ያሳልፈዋል።

ይኸችው ተሳታፊ ስትደመድም፣ ጥበቡ የተወለደው ካሜራ በሌለበት ነው፣ ፎቶግራፉ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው አለች። ከሬኖ ጥቅሎች አብዛኞቹን ባለቤቱ ራሱ፣ ሰው ፊቱን ወደ ሲኒማ ካዞረ በኋላ፣ ወደ ሴን ወንዝ መጣሉንም ጨመረች። ለእኔ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ሆኖ ያገኘሁት ይህን ነው፤ ሆኖም ሬኖ ታሪኩን ሲነግር ዓለምን ከራሱ ምናብ አውጥቶ ሣለው እንጂ ካለው ዓለም አልወሰደም። ሲኒማ የሚያስጨንቀው ጥያቄ፣ ማለትም ካሜራው እንዲሁ የቀዳውን ነገር እንዴት ጥበብ እንበለው የሚለው፣ ሬኖን አይነካውም።

9ኛው ተሳታፊ ያመጣው ሰው በአማርኛ ጽሑፎች ብዙም የማይነሣው ዦርዥ ደመኒ ነው። ደመኒ የማሬ ረዳት ነበር። በ1891 በካሜራ ፊት ቆሞ፣ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የከንፈርን እንቅስቃሴ እንዲያነቡ ለማስተማር፣ አጫጭር የፍቅርና የአገር ፍቅር ቃላትን ሲናገር ፊቱን በቅርብ አስነሣ፤ ቀጥሎም ምስሎቹን በዲስክ ላይ አድርጎ የሚያሳይ መሣሪያ ሠርቶ በስሙ አስመዘገበ። መሣሪያውን ለገበያ ሊያውለው ሲነሣ ከማሬ ጋር ተጋጩ፤ በ1894ም ከቤተ ሙከራው ተሰናበተ። ማሬ የፈለገው ጉልበትና መገጣጠሚያ እንዴት እንደሚሠሩ ማወቅ ነበር፤ ደመኒ የፈለገው ፊት ሲናገር ማየት ነው። 9ኛው ተሳታፊ መለያየቱ የተፈጠረው በፓሪስና በካሊፎርኒያ መካከል ሳይሆን በአንድ ክፍል ውስጥ በሁለት ሰዎች መካከል ነው ማለቱ፣ እኔ በመክፈቻዬ በጅምላ ያቀረብኩትን ነገር ሰው ያለበት ታሪክ አደረገው።

እስከዚህ ድረስ ውይይቱ ሰላማዊ ነበር። 10ኛው ተሳታፊ፣ የፊዚክስ መምህር መሆናቸውን የገለጹ ሰው፣ ምስሉ የሚንቀሳቀስ የሚመስለው ዓይን አንዱን ምስል ለአጭር ጊዜ ስለሚያቆየውና ቀጣዩ ከላዩ ስለሚደረብ ነው ሲሉ በመማሪያ መጻሕፍት የተለመደውን ማብራሪያ ሰጡ። 11ኛው ይህን ሲያነብ ትዕግሥቱ አለቀ። ምስል በምስል ላይ ቢደረብ የምናየው የተደበላለቀ ጉድፍ እንጂ የሚሄድ ሰው አይሆንም ነበር አለ፤ የሥነ ልቦና ሊቁ ማክስ ቬርትሃይመር በ1912 ባሳተመው ጥናት የእንቅስቃሴው ስሜት የሚፈጠረው በዓይን መዘግየት ሳይሆን ሁለት የተለያዩ ምስሎችን አንድ አድርጎ በሚያነብ አእምሮ መሆኑን እንዳሳየ፣ ሁጎ ሙንስተርበርግም በ1916 ይህንኑ ለፊልም እንዳዋለው፣ ከመቶ ዓመት በኋላም መምህራን ያንኑ ስሕተት ማስተማራቸው እንደሚያሳፍር ጻፈ። መምህሩ የዕድሜ ልዩነት ቢዘነጋ እንኳ ጨዋነት እንደማይዘነጋ አስታወሱት፤ ስለ ፍሬ ነገሩ ግን አልመለሱም። 11ኛው በይዘቱ ትክክል ነበር፤ በአነጋገሩ ግን ያስተማረው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ነገሩን ያበረደው 12ኛው መልስ ነው። ጸሐፊው በአዲስ አበባ በአንድ ሲኒማ ቤት ለረጅም ጊዜ ፊልም ያሳዩ የነበሩ አዛውንት ሲሆኑ፣ ሁለቱም ተከራካሪዎች ማሽኑን ከፍተው ቢያዩት ኖሮ ብዙ ባልተጨቃጨቁ ነበር በማለት ጀመሩ። ፊልሙ በሌንሱ ፊት በሩጫ አያልፍም፤ በአንድ ሰከንድ 24 ጊዜ ይቆማል፣ 24 ጊዜ ይሳባል። የሚስበው የማልታ መስቀል የሚባለው ባለ አራት ክንፍ ብረት ነው፤ አንድ ጥፍር በዞረ ቁጥር መስቀሉን ሩብ ዙር ያዞረዋል፣ ፊልሙም አንድ ምስል ወደ ታች ይወርዳል። ፊልሙ በሚወርድበት ቅጽበት የሚሽከረከረው መከለያ ብርሃኑን ይሸፍናል፤ ባይሸፍን ኖሮ ምስሉ በመጋረጃው ላይ የተዘረጋ ጭረት ሆኖ ይታይ ነበር። መከለያው ደግሞ ሁለት ክንፍ ስላለው ያው አንድ ምስል ቆሞ ሳለ ብርሃኑ አንዴ ተጨማሪ ይቋረጣል፤ በዚህም ምክንያት በሰከንድ 48 ብልጭታ ይገኛል፣ ዓይንም መርገብገቡን አይለይም። በድሮው፣ በሰከንድ 16 ምስል በሚታይበት ዘመን፣ መከለያው ሦስት ክንፍ ይደረግለትና ውጤቱ እዚያው 48 ላይ ይደርስ ነበር። ስለዚህ መርገብገብን ማጥፋትና እንቅስቃሴን ማሳየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው የመከለያው ሥራ ነው፣ ሁለተኛው የተመልካቹ።

አዛውንቱ በዚህ አላበቁም። ከመስቀሉ በላይና በታች ፊልሙ ላላ ብሎ የሚንጠለጠልበት ቅስት መሰል ትርፍ መተው እንዳለበት፣ የላይኛው ጥቅል ያለማቋረጥ ሲፈታ ታችኛው ክፍል እየቆመ ስለሚሄድ ያ ትርፍ ከሌለ ፊልሙ እንደሚበጠስ ገለጹ። ትርፉ ከተበላ ምስሉ በመጋረጃው ላይ ይዘላል፤ አዳራሹ ወዲያው በፉጨት ይናወጣል፤ በተለይ የሕንድ ፊልም በሚታይበት ቀን ተመልካቹ ዘፈን ላይ የተቋረጠበት እንደሆነ ይቅርታ የለውም። ሰው ፊልም አይቶ ሲወጣ ከቆየበት ጊዜ ግማሽ ያህሉን በጨለማ ውስጥ እንደተቀመጠ አያውቅም ብለው ያሰፈሩት አስተያየት በሥራው ላይ ያደረ ሰው ብቻ የሚጽፈው ነው። ይህን ተከትሎ 13ኛውና 14ኛዋ ስለ አዲስ አበባ የመጀመሪያ ሲኒማ፣ ሕዝቡ የሰይጣን ቤት ብሎ ስለጠራው፣ ከቤተሰብ የሰሙትን ተጨዋወቱ። ጨዋታው የሚጥም ቢሆንም ራሱን የቻለ ርእስ ይገባዋልና ወደ ጉዳያችን እንድንመለስ ለመንኩ።

ከ15 እስከ 18 ያሉት መልሶች ቀዳሚው ማን ነው በሚል ጉንጭ አልፋ ክርክር ያለቁ ናቸው። 15ኛው ለኤዲሰንና ለረዳቱ ለዊሊያም ዲክሰን ቆመ፤ በኤፕሪል 1894 በኒው ዮርክ ሰው ገንዘብ ከፍሎ በሣጥን ውስጥ አጎንብሶ ፊልም ያይ እንደነበር፣ 35 ሚሊ ሜትሩ ባለ ቀዳዳ ፊልምም የዲክሰን ሥራ መሆኑን ጠቀሰ። 16ኛው ሉዊ ለ ፕራንስ በኦክቶበር 1888 በእንግሊዝ ሊድስ ከተማ በአንድ ግቢ ውስጥ ቤተሰቡን በወረቀት ፊልም መቅረጹን፣ በሴፕቴምበር 1890 ደግሞ ከዲዦን በባቡር ተሳፍሮ ፓሪስ ሳይደርስ የውሃ ሽታ ሆኖ መቅረቱን አንሥቶ እጁን ወደ ኤዲሰን ቀሰረ። 17ኛው ያለ ማስረጃ ሰውን በነፍስ መጠርጠር ነውር ነው አለ፤ እውነቱን ነው። 18ኛው ደግሞ የስክላዳኖቭስኪ ወንድማማቾች በኖቬምበር 1, 1895 በበርሊን ለከፋይ ተመልካች ማሳየታቸውን፣ ይኸውም የሉሚዬር ወንድማማቾች በፓሪሱ ግራንድ ካፌ ምድር ቤት ካሳዩበት ከዲሴምበር 28 አስቀድሞ መሆኑን አስመዘገበ። ሁሉም እውነት ይዘዋል፤ ቀዳሚነትን መለየት ግን ጥበቡ ከየት መጣ ለሚለው መልስ አይሆንም። ከዚህ ሁሉ ለጉዳያችን የሚረባው አንድ ነገር ነው። የኤዲሰን ካሜራ በኤሌክትሪክ የሚሠራና ከባድ ስለነበር ድርጊቱ ወደ ካሜራው ይመጣ ነበር፤ የሉሚዬሮቹ ግን 5 ኪሎ ያህል የሚመዝን፣ በእጅ የሚዞር፣ የሚቀርጽም የሚያትምም የሚያሳይም ስለነበር ካሜራው ወደ ድርጊቱ ሄደ።

19ኛው በዚያ የፓሪስ ምሽት ተመልካቾች ባቡር የመጣባቸው መስሏቸው ከአዳራሹ ሮጡ የሚለውን ተረት ሳይመረምር አመጣው። 11ኛው፣ ያው ትዕግሥት የሌለው ሰው፣ አሁንም ቀደመ፤ በዲሴምበር 28 ከታዩት አሥር አጫጭር ፊልሞች መካከል የባቡሩ ፊልም እንዳልነበረ፣ አንድ አንድ ፍራንክ ከፍለው የገቡትም 33 ሰዎች ብቻ እንደነበሩ አረመ። በዚህ ጊዜ አነጋገሩ ለዘብ ብሏል።

20ኛው ተሳታፊ የጥያቄዬን ሁለተኛ ክፍል በቀጥታ ተጋፈጠው። በእሱ አመለካከት ካሜራ በፊቱ ያለውን ከመቅዳት ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም፤ በፊልም ውስጥ ጥበብ ካለም የተዋናዩ፣ የደራሲውና የሙዚቀኛው እንጂ የፊልሙ አይደለም። እንደ ማስረጃ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1915 በኦሃዮ የፊልም ቅድመ ምርመራ ጉዳይ ላይ ፊልምን ተራ ንግድ ነው ብሎ የንግግር ነፃነት ጥበቃን የነፈገበትን ውሳኔ ጠቀሰ። 21ኛዋ፣ በዋሽንግተን የምትኖር የሕግ ባለሙያ፣ ያ ውሳኔ በ1952 መሻሩን ገልጻ፣ ፍርድ ቤት ጥበብን ሊጠብቅ ወይም ሊከለክል ይችል ይሆናል እንጂ ጥበብ መሆን አለመሆኑን ሊወስን አይችልም አለች። ከዚያም የፊልም ሐያሲው ሩዶልፍ አርንሃይም በ1932 ያቀረበውን መከራከሪያ አመጣች፦ ፊልም ጥበብ የሚሆነው ዓለምን በትክክል ስለሚቀዳ ሳይሆን በትክክል መቅዳት ስለማይችል ነው። ጠርዝ አለው፣ ጠፍጣፋ ነው፣ በዚያ ዘመን ቀለም የለውም፣ ጊዜውም ይቆረጣል፤ ሠሪው የሚሠራው በእነዚህ ጉድለቶች ነው።

22ኛው ይህን በአንድ ምሳሌ አጸናው፤ እኔም ከክሩ ሁሉ የወደድኩት መልስ ይህ ነው። የሉሚዬሮቹ የመጀመሪያ ፊልም የሚባለው፣ ሠራተኞች በሊዮን ከሚገኘው የወንድማማቾቹ ፋብሪካ ሲወጡ የሚያሳየው፣ አንድ ሳይሆን በሦስት ቅጂ የተቀረጸ ነው፤ በአንደኛው ባለ አንድ ፈረስ ጋሪ ይወጣል፣ በሌላው ባለ ሁለት ፈረስ፣ በሦስተኛው ጋሪ የለም። ልብሳቸውም ከቅጂ ቅጂ ይለያያል፤ በአንዳንዱ የበዓል ልብስ የለበሱ ይመስላሉ። እንግዲህ እንዲሁ የተቀዳ የሚመስለው ነገር ተደግሟል። የፊልሙ ርዝመት 17 ሜትር ያህል፣ ጊዜውም አንድ ደቂቃ የማይሞላ ስለነበር፣ በሩ ተከፍቶ ሠራተኛው ሁሉ እስኪወጣ ድረስ ፊልሙ እንዲበቃ ማድረግ ያስፈልግ ነበር። ካሜራውን የት ማቆም፣ መቼ ማዞር፣ የትኛውን መድገም እንዳለበት የወሰነ ሰው አለ። 23ኛው በዚህ ላይ የግንቡን ፊልም ጨመረ፦ በ1896 ሠራተኞች አንድ ግንብ ሲያፈርሱ ተቀረጸ፤ አሳዪዎቹም ፊልሙን ወደኋላ ሲያዞሩት ግንቡ ከአቧራው ውስጥ ተነሥቶ ቆመ። ማሬ ዓይን የሚያየውን መልሶ ከማሳየት በቀር የሚጨምረው የለም ብሎ ለናቀው መሣሪያ ከዚህ የተሻለ መልስ ሊገኝ አይችልም፤ የወደቀ ግንብ ሲነሣ ያየ ዓይን አልነበረምና።

24ኛው የፈረንሳዊውን ፊልም ሠሪ የዦርዥ ሜሊየስን ታሪክ ተረከ፤ ካሜራው በፓሪስ የኦፔራ አደባባይ ላይ ሳለ ፊልሙ ተይዞበት፣ አስተካክሎ ሲቀጥል በመጋረጃው ላይ የሕዝብ ማመላለሻው ጋሪ ወደ አስከሬን ጋሪ ተለውጦ እንዳየ። 25ኛው ይህን የነገረን ራሱ ሜሊየስ መሆኑን፣ በኤዲሰን ድርጅት ደግሞ በ1895 የአንዲት ንግሥት አንገት ሲቀላ ለማሳየት ካሜራውን አቁመው ተዋናዩን በአሻንጉሊት መለወጣቸውን አስታወሰ። ዘዴው ከሜሊየስ ይቀድማል፤ ከዘዴው ዓለም የገነባው ግን ሜሊየስ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ 26ኛው ነው። ጸሐፊው እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ሲያነብ የቆየ ይመስላል። ማይብሪጅ ከ1884 ጀምሮ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ሠርቶ በ1887 ያሳተማቸውን 781 ሰሌዳዎች አነሣ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ያልተቋረጠ እንቅስቃሴ እንዳልሆኑ፣ ማይብሪጅ የጎደለ ምስል ሲገጥመው ከሌላ ዙር የተነሣውን ተክቶ፣ ቁጥሩንም አስተካክሎ ተከታታይ አስመስሎ እንዳቀረባቸው ተመራማሪዎች ምስሎቹን አንድ በአንድ አነጻጽረው ማሳየታቸውን ጻፈ። እንግዲህ ጥበብ ማለት መምረጥና ማገጣጠም ከሆነ፣ ከሲኒማ ያገለልከው ሰው ከሁሉ ቀድሞ ኤዲተር ነበር አለኝ።

በ27ኛው መልስ፣ ማይብሪጅ ምስሎቹን የገጣጠመበትን ቦታ የደበቀው ተመልካቹ ልኬት ነው ብሎ እንዲቀበለው በመሆኑ ሥራውን ከኤዲተር ሥራ እለየዋለሁ አልኩ። 28ኛዋ፣ ያችው የአኒሜሽን ባለሙያ፣ ልዩነቱ ውሃ አይቋጥርም ስትል ነቀፈችው፤ ዛሬም ቢሆን የአብዛኛው ኤዲተር ድካም መጋጠሚያው እንዳይታይ ማድረግ ነው። መልሴ፣ ከተጋጠመው ነገር ላይ የሚጠበቀው አንድ አይደለም የሚል ነው። ሰሌዳዎቹን የገዛ የአካል አሠራር ተመራማሪ ጉልበቱ በስንተኛው ምስል ላይ እንደታጠፈ ቆጥሮ ከዚያ ተነሥቶ ይደመድማል፤ ተተክቶ የገባ ምስል ካለ ድምዳሜው ይበላሻል። በሲኒማ አዳራሽ የተቀመጠው ሰው ግን በር ከፍቶ የወጣው ተዋናይና በመንገዱ ላይ የታየው ተዋናይ የተቀረጹት በአንድ ቀን መሆን አለመሆኑን ለማወቅ አልከፈለም። እሷ በዚህ አልረካችም፤ ዘጋቢ ፊልምን ወዴት ታደርገዋለህ ብላ ጠይቃለች፤ ለዚህም ሌላ ክር እንድትከፍት ጋብዣታለሁ።